ክቡርነታቸው የተለጠፉበት እጀታ

ሰው ባለማወቁ ተጎድቶ አያውቅም! የሚጎዳው «እሱ ያውቃል» ሲባልለት ነው። የማያውቅ ሰው ማታ እራቱን በልቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። «ያውቃል» የተባለው ግን በሰው አዳራሽ ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ፣ ስሙን እንኳ በማያውቀው ብረት ላይ ተደፍቶ፣ ለቅዱሳን ሁሉ ሲሳል ያመሻል። ካላመናችሁ እኔን ጠይቁኝ።

የእኔ የኤሌክትሪክ ዕውቀት የጀመረው በጥፊ ነው። ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ፣ አገሩ ድሬዳዋ፣ እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። አለቃችን ግራዝማች ዘውገ የሚወዱት ሬዲዮ ነበራቸው፤ አንድ ቀን ዝም አለባቸው። ወረቀት ላስፈርም ቤታቸው ብሄድ «እስቲ እየው» አሉኝ። አየሁት። ዞሬም አየሁት። ምንም የሚታይ ነገር ስላጣሁ ጀርባውን በጥፊ አጮልኩት… ተናገረ! ከዚያ ቀን ወዲህ ግራዝማች ሰው ባገኙ ቁጥር «ተሰማ እኮ ኤሌክትሪክ ጠንቅቆ ያውቃል!» ማለት ሆነ ሥራቸው። እኔስ? ደስ አለኛ! የማያውቁትን ያውቃል ሲባል ደስ የማይለው ማን አለ? እናንተስ ብትሆኑ?

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ትልቅ ደጃዝማች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው ተባለና ከተማው ታመሰ። የከዚራ ሰፈር መንገድ ተጠረገ፣ የዛፎቹ ግንድ ኖራ ተቀባ፣ የጋሪ ፈረሶች ሳይቀሩ ታጠቡ። መምህር ታደሰ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሲጽፈው የኖረውን ቴአትር በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለእንግዳው ሊያሳይ ተፈቀደለት። ጸሐፊው እሱ፣ አሠልጣኙ እሱ፣ ዋናው ተዋናይም እሱ። መብራቱስ? «ለመብራቱ ተሰማ አለ!» አሉ ግራዝማች።

መብራቱ የተገኘው ከዑመር ነው። ዑመር መገላ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ያለው ሶማሌ ነጋዴ ነው፤ ከመርፌ እስከ መኪና ጎማ የማይሸጠው የለም። ጅቡቲ ውስጥ አንድ የጭፈራ ቤት ሲዘጋ፣ የመድረክ መብራቶቹን ከነማዘዣ ሳጥናቸው ጠቅልሎ ገዝቶ በባቡር አምጥቷል። ሳጥኑ በጋሪ አዳራሹ ደርሶ ሲወርድ አየሁት። የሬሳ ሣጥን ያህላል! ፊቱ ላይ እጀታዎች በተርታ ተደርድረዋል። አንዱን እጀታ ወደ ላይ ስትገፉት አንዱ መብራት ቀስ እያለ ይፈካል፣ ወደ ታች ስትጎትቱት ይደበዝዛል። ይኸው ነው። ይኸው ነው አሉኝ!

«ዑመር፣ የትኛው እጀታ የትኛውን መብራት ነው የሚያዘው?» አልኩት።

«አቦ ተሰማ፣ አታስብ! ቀላል ነው፣ ወላሂ ሕፃን ይነዳዋል!»

«እንግዲያው አሳየኛ።»

«ከበርጫ በኋላ።»

የድሬን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ስትከር ጫቱን ይዞ ፍራሹ ላይ ጋደም ካለ፣ ባቡር ቢገለበጥ አይነሣም። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ዑመር ሲመረቅን ዓይኑ በራ። «ዋርያ ተሰማ! ይቺን ሳጥን ዓይኔን ጨፍኜ እፈታታለሁ! ከፈለግህ በረሃው ጀልዴሳ ድረስ ሽቦ ዘርግቼ ለግመሎቹ መብራት አበራላቸዋለሁ!» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ብሄድ ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ «ሳጥን ሸጥኩ እንጂ ትምህርት ሸጥኩ እንዴ?» ብሎ አባረረኝ።

ምን አማራጭ አለኝ? አዳራሹን ዘግቼ እጀታዎቹን አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። አንዱን ስገፋ በቀኝ በኩል ያለው የወረቀት ዛፍ በራ። አንዱን ስገፋ ከመጋረጃው በላይ የተሰቀለው የጨረቃ መብራት በራ። አንዱን ስገፋ እኔኑ ራሴን ነዘረኝ። ቀስ በቀስ ግን ተግባባን፤ በየእጀታው ራስ ላይ በወረቀት ስሙን ጽፌ በሊጥ ለጠፍኩ። እውነት ለመናገር ኮራሁ። ከጥፊው ወዲህ ሌላ ዕውቀት ጨመርኩ ማለት ነው!

ኩራቴ የቆየው ግራዝማች የአቀባበል ኮሚቴውን አስከትለው ሊጎበኙ እስኪመጡ ነው። በከዘራቸው የመጀመሪያውን እጀታ ነካ አድርገው፣

«ይኼ የማን ነው?» አሉ።

«የዛፉ ነው፣ ግራዝማች።»

«የምን?»

«የዛፉ… የወረቀቱ ዛፍ።»

«ዛፍ? ከክቡርነታቸው በፊት ዛፍ?»

ኮሚቴው በሙሉ በድንጋጤ ክው አለ። «የክቡርነታቸውስ የታለ?» አሉ ግራዝማች። ለእንግዳው ወንበር ፊት ለፊት አንድ ትልቅ መብራት አሰቅለው ነበር፤ እሱ የተቀጠለው በስተመጨረሻ ስለሆነ እጀታውም የመጨረሻው ነው። እሱን ሳሳያቸው ፊታቸው ደም መሰለ። «ጅራት ላይ? ክቡርነታቸውን ጅራት ላይ ወስደህ ለጠፍካቸው?»

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ወረቀቶቹ ሁሉ ተላጡና በማዕረግ ተራ እንደገና ተለጠፉ። የመጀመሪያው እጀታ ላይ «ክቡርነታቸው» ተባለ፤ ወረቀቱ ሲለጠፍ ኮሚቴው ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ቀጥሎ ከንቲባው፣ ቀጥሎ ራሳቸው ግራዝማች፣ ቀጥሎ ታላላቅ ነጋዴዎች፣ ከዚያ ተዋንያኑ እንደየደረጃቸው። በመጨረሻ የተረፈችው እጀታ ላይ፣ ማዕረግ የሌላት እሷ ብቻ ናትና፣ «ጨረቃ» ብለው ለጠፉ።

«ግራዝማች፣ ወረቀቱ ቢዛወርም ሽቦው እኮ አልተዛወረም…» አልኩ።

«ሽቦ ማዕረግ አያውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ። በቃልህ ያዘው!»

«ወረቀቱን ብንተወውስ?»

«የክቡርነታቸው ጸሐፊ ቀድሞ መጥቶ ያያል። ሲያይ ዛፍ ይይ?»

ጸሐፊያቸው በእርግጥም ቀድሞ መጣ፤ ተለጣፊውን አይቶ ረካ። ከዚያ ግራዝማችን ወደ ጥግ ወስዶ አንሾካሾከ። ክቡርነታቸው ቴአትር ይወዳሉ፤ ነገር ግን እንደ ተጀመረ ትንሽ ያሸልባቸዋል። ስለዚህ ሲገቡና ሲያልቅ ብቻ ነው ብርሃን የሚያርፍባቸው፤ በመካከሉ አንዲት ጨረር ልትነካቸው አይገባም! ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። «ሰምተሃል፤ በእንቅልፋቸው ላይ ብታበራባቸው በማግስቱ ጀልዴሳ ነህ።»

ጀልዴሳን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ባቡር ሳይመጣ በፊት የግመል ቅፍለት ነጋዴ የሚርመሰመስባት የደራች ቦታ ነበረች አሉ። ባቡሩ ሌላ መንገድ ሲመርጥ ግመሎቹና ግራር ዛፎቹ ብቻ ቀሩ። እኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ እዚያ አንዲት ቅርንጫፍ አለችው፤ ግራዝማች የተቆጡት ሠራተኛ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚላከው። መብራት የለ፣ በረዶ የለ፣ የሚያጫውት ሰው የለ።

ቤቴ ገብቼ ልምምድ ጀመርኩ። የስንዴ ጆንያ አቁሜ ማንኪያና ጭልፋ በተርታ ሰካሁበት። ከመብላቴ በፊት፣ ከበላሁ በኋላ፣ እየተራመድኩ፣ እንደ ዳዊት እደግማለሁ። «ክቡርነታቸው ዛፍ ናቸው። ግራዝማች ጨረቃ ናቸው። ጨረቃ ክቡርነታቸው ናት። ክቡርነታቸው ዛፍ ናቸው…»

ባለቤቴ አስካለ በር ላይ ቆማ ስታዳምጠኝ ቆየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠበል ልውሰድህ?»

«ዝም በዪ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

«ጭልፋዬን መልስና ሥራህን ሥራ! ወጡን በምን ላውጣ?»

«ጭልፋውን አትንኪ! ከንቲባው ናቸው!»

እያጉረመረመች ወጡን በጣሳ አወጣችው። ደግነቱ ግን ጎበዝ ናት፤ ማታ ማታ የመምህር ታደሰን ቃል እያነበበች ታለማምደኝ ነበር። «ጨረቃዬ ውጪ!» ስትል እኔ «ግራዝማችን» እገፋለሁ። መቼም አልሳሳትም። ጆንያው ፊት እንደ እኔ ያለ ባለሙያ አልነበረም!

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሙቀቱ ቅቤ ያቀልጣል። ግራዝማች መድረኩ ላይ ወጥተው ለሕዝቡ ትእዛዝ ሰጡ። «ስሙኝ! በክቡርነታቸው ላይ ብርሃን ሲያርፍ ሁላችሁም ብድግ ብላችሁ ታጨበጭባላችሁ። መጨረሻ ላይ ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ቴአትሩ አለቀ ማለት ነው፤ አንተም መጋረጃ ሳቢው ትዘጋለህ!» ደጃዝማቹ ገቡ፤ የመጨረሻዋን እጀታ ገፋሁ፣ ብርሃኑ ልክ ፊታቸው ላይ አረፈ። ሕዝቡ ተነሣ፣ አጨበጨበ፣ ተቀመጠ። አጠፋሁ። ግራዝማች ከሩቅ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እኔም ጢሜን ዳሰስ አደረግሁ።

ቴአትሩ ተጀመረ። ክቡርነታቸውም እንደ ተባለው አሸለባቸው፤ ማንኮራፋታቸው እኔ ድረስ ይሰማል። ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። መምህር ታደሰ የፍቅረኛውን መምጣት እየጠበቀ፣ ከወረቀቱ ዛፍ ሥር ተንበርክኮ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ እንባ በተናነቀው ድምፅ ጮኸ።

«ጨረቃዬ! ውጪልኝ እንግዲህ! ያን የሚያምር ፊትሽን አሳዪኝ!»

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ… ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። ጆንያው የለ፣ ጭልፋው የለ፣ አስካለ የለች። ዓይኔ «ጨረቃ» የሚል ጽሑፍ አየ። እጄ ገፋ። ገፋ ብቻ? እስከ ጥጉ አደረሰው!

ብርሃኑ ክቡርነታቸው ላይ ተዘረገፈ። አንገታቸው ወደ ኋላ ወድቋል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ መላጣቸው ያብረቀርቃል። መምህር ታደሰ ደግሞ ቃሉን በሽምደዳ የያዘ ሰው ነውና ማቆም አልቻለም።

«ምንኛ ክብ ነሽ! ምንኛ ታበሪያለሽ!»

አንድ ሰው ከኋላ በሳቅ ፍርፍር አለ። ወዲያው ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና፣ አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ! መጋረጃ ሳቢውም እንደ ታዘዘው መጋረጃውን ዘጋ፤ መምህር ታደሰ እንደ ተንበረከከ ከውስጥ ቀረ። እጀታውን ልመልስ ብጎትት፣ ብጎትት… ሙቀቱ አጣብቆታል መሰለኝ፣ እምቢ አለኝ። በጥፊም ሞከርኩ። ይኼ ሬዲዮ አይደለም! ዓይኔ ላይ ግመሎች ብቻ ታዩኝ።

ክቡርነታቸው በጭብጨባው ባነኑ። አንዴ ወደ ሕዝቡ፣ አንዴ ወደ ብርሃኑ አዩ። ሰው ሁሉ ለእሳቸው ቆሟል። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ካባቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን አነሡ።

«ብዙ ቴአትር አይተናል» አሉ። «እንደዚህ ያለ ግን አላየንም። አጭር ነው፤ ትምህርት አለው። ይህን ብርሃን ያበራው ማነው?»

ዑመር አጠገቤ ነበር፤ በፍጥነት ራቅ ብሎ «ወላሂ እኔ ሳጥኑን ሸጫለሁ፣ አላውቅም» አለ። ግራዝማች ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ወጥቼ እጅ ነሣሁ።

«ጎሽ!» አሉ ደጃዝማቹ። «ሌላው ሁሉ ተጫዋቾቹ ላይ ሲያበራ፣ አንተ ክብር የሚገባውን አልረሳህም። ግራዝማች! ይህ ሰው ሊሾም ይገባዋል።»

«ሳጥኑ የእኔ ነው፣ ክቡር!» አለ ዑመር ከኋላዬ ብቅ ብሎ።

ከመጋረጃው ውስጥ «ኧረ ገና አላለቀም! ፍቅረኛዬ አልመጣችም!» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የሰማው የለም። ምስኪን ታደሰ! እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም፤ እኔም አልፈርድበትም። ዓመት ሙሉ የለፋበት ነገር የአንድ ሰው እንቅልፍ ማስነሻ ሆኖ ቀረበት።

እኔ ግን ተረፍኩ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ጀልዴሳ ቀረች! ሹመት መጣ! ቤቴ እየሮጥኩ ገብቼ አስካለን አቀፍኳት። በማግስቱ ግራዝማች ቢሮ ስገባ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ዘረጉልኝና ጨበጡኝ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ተሰማ። ክቡርነታቸው ይሾም ብለዋል፤ እኛም ክፍት የአለቃነት ቦታ ፈለግን። አንዲት ብቻ ተገኘች።»

«የት ነው፣ ግራዝማች?»

«መብራት ለሚያውቅ ሰው የሚስማማ ቦታ ነው። ጨለማ ነው።»

ወረቀቱን አነበብኩት። የጀልዴሳ ቅርንጫፍ አለቃ።

ጀልዴሳ የገባን ዕለት አመሻሽ ላይ አስካለ ፋኖስ ለኮሰች። ክሩን ከፍና ዝቅ የምታደርግበት አንዲት ማዞሪያ አለችው፤ ከሷ ሌላ እጀታ የለውም። ትንሽ ወረቀት ቀደደች፣ ጻፈችበት፣ በሊጥ ማዞሪያዋ ላይ ለጠፈችው። ጠጋ ብዬ ባነበው «ክቡርነታቸው» ይላል።

«አሁን አለቃ ነህ አይደል?» አለችኝ። «ማዕረግህ ይጠበቅ።»

ከዚያ ማዞሪያዋን ከፍ አደረገችና ፋኖሱን ከፊቴ አንሥታ ወጡ አጠገብ አስቀመጠችው።