ለኮምፒውተሬ ለቅሶ የመጡት የቅሬ ሴቶች

ወገን፣ ዛሬ እዚህ ወሎ፣ መርሳ ላይ የሆንኩትን ስሙና ሳቁብኝ። ቤቴ ምንጣፍ ተነጥፎ ለቅሶ ተቀምጠን ዋልን። የሞተ ሰው ግን የለም!

ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሜሮን የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለችኝ። አዲስ አበባ አባቷ ጋ ሆና ነው የምትማረው። እኔ መሥሪያ ቤቴ እዚህ መድቦኝ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኮምፒውተር በቪዲዮ እናወራለን። ሳምንቱን የምገፋው ያቺን ሰዓት እያሰብኩ ነው።

በስልክ አታወሪያትም ወይ ትሉኛላችሁ። የስልኬ ካሜራ ከወደቀ ጀምሮ አያሳይም። በድምፅ ብቻ ሲሆን ደግሞ ልጄ «እሺ፣ እሺ፣ ደህና» ብላ ቶሎ ትዘጋዋለች። ፊት ለፊት ስንተያይ ግን ትንሽ ትቆይልኛለች።

ችግሩ ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። ወሬያችን መሃል ቀጥ ይላል። ባለፈው እሁድ «እማ፣ ደግሞ ቆምሽብኝ፤ በቃ ይቅር» ብላ ዘጋችው።

«ይቅር» የምትለዋ ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስትበላኝ ሰነበተች።

ስለዚህ ትናንት በሚኒባስ ወልድያ ሄጄ ሚሞሪ ገዛሁ። አራት ጊጋ የነበረውን ስምንት አደረግኩት። ራሴ ፈታሁ፣ ራሴ ገጠምኩ። ሠራ! ፈጠነ! እዚህ ላይ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ፣ አይደል?

አልሰበሰብኩም።

አንዱ ቪዲዮ ላይ «ሚሞሪ ጨምራችሁ የፕሮሰሰሩን ሴቲንግ ካልቀየራችሁ ምኑን ጨመራችሁት» ሲል ሰማሁት። እኔ ደግሞ ዛሬ እንዳይቆምብኝ እንጂ ሌላ ምን ፈልጌ! ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ሴቲንግም አታሳዩት።

ሜሮን ከመደወሏ በፊት ገባሁበት። የፕሮሰሰሩን ቁጥር እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩ። ከጎኑ «ማክሲመም ሚሞሪ» የሚል ሳጥን አለ። የገዛሁት ስምንት ነው አይደል? ስምንት ብዬ ጻፍኩና ሪስታርት አልኩት።

ሰማያዊ ስክሪን መጣ። በቂ ሚሞሪ የለኝም ይላል።

ጨምሬልህ?!

በስልኬ ሳነብ ለካ ያ ሳጥን የሚሞላው በጊጋ ሳይሆን በሜጋ ነው። ያን ሁሉ ሚሞሪ ገዝቼለት፣ ከስምንት ሜጋ በላይ እንዳትነካ ብዬ ከልክዬዋለሁ። ድግስ ደግሶ እንግዳውን በአንድ ጉርሻ እንደማሰናበት ነው። ለማስተካከል ዊንዶውስ ያለበት ፍላሽ ያስፈልጋል። የለኝም። ሰፈር ውስጥ ይኖርሃል ብዬ የምጠይቀው ሰውም የለኝም።

ነጠላዬን ለፀሐዩ አናቴ ላይ ጣል አድርጌ የቤቴ በር ላይ ቁጭ አልኩ። ጉንጬን ያዝኩ። አለቀስኩም፤ ምን ልደብቃችሁ።

እዚህ አገር ነጠላ ተከናንቦ፣ ጉንጩን ይዞ፣ በሩ ላይ የሚያለቅስ ሰው ምን እንደገጠመው ይታወቃል። ማን ሞተብሽ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መጀመሪያ አብሮ ይለቀሳል፤ የሟቹ ስም ኋላ ይደረስበታል።

አከራዬ እትዬ ዘሀራ አዩኝ። አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ አጠገቤ ተቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ደግሞ አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ! ባሰብኝ።

ትንሽ ቆይቶ የቅሬው ሴቶች ምንጣፍ ይዘው ገቡ። ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው። እኔ ነገ ተነገ ወዲያ የምሄድ ተከራይ ነኝ ብዬ አልተመዘገብኩም። ማንም ግን አባል ነሽ ወይ አላለኝም። እንጀራው መጣ፣ ወጡ መጣ። አንዷማ ውርጌሳ ያሉት ዘመዶቿ ሳይቀሩ እንዲመጡልኝ ልትደውል ስልኳን አውጥታ ነበር።

ይኼኔ እትዬ ዘሀራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ቀስ አሉና «ልጅቱ ናት?» አሉኝ።

«ኧረ በስመአብ! ሜሮን ደህና ናት እትዬ። ኮምፒውተሩ ነው የተበላሸብኝ» አልኳቸው።

ጮክ ብዬ ኖሮ ሁሉም ዞረው አዩኝ። እንዲያ ያለውን ሐፍረት ለጠላቴም አልመኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

አንዷ በነጠላዋ አፏን ይዛ መሳቅ ጀመረች። ከዚያማ ማን ይቻላቸው። እትዬ ዘሀራ ብቻ አልሳቁም። ጀርባዬን እያሻሹ «አብሽሪ፣ እኔ አጠገብሽ እያለሁ ለብቻሽ ነው የከረምሽው» አሉኝ። እኔ ለካ ሴትዮዋን የማውቃቸው ኪራይ ስከፍል ብቻ ነው።

የመጣ ምግብ አይመለስም ተባለና ተበላ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ከእኔ ሌላ ሰው በልቶበት አያውቅም። አፍሬም ቢሆን ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ ለሜሮን በድምፅ ደወልኩላትና ኮምፒውተሩ መበላሸቱን ነገርኳት።

«ማነው የሚስቀው? ቤት ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ።

«ጎረቤቶች ናቸው።»

«ብዙ ናቸው?»

«ቤቱ ሞልቷል» አልኳት። ኮራሁ እኮ! ጉረኛ!

«ደስ ሲል! ብቻሽን ነሽ ብዬ እኮ ነው እማ፣ እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ የምቀረው። እንግዲህ በየሳምንቱ ባላወራሽም አይከፋሽም አይደል?»

«አይከፋኝም» አልኳት።

ምን ልበላት?

ሴቶቹ አሁን ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ወደየቤታቸው ገብተዋል። ኮምፒውተሩን ነገ ወልድያ እወስደዋለሁ፤ እሱስ ይሠራል። እናንተ ልጅ ያላችሁ ግን አንድ ነገር ምከሩኝ። መልሼ ደውዬ «ሜሪዬ፣ ሰዎቹ እኮ ሄዱ» ብላት ነውር ነው?