አንደኛ ደረጃው ለእንግዳ

የእኛ ሰው ጥሩ ዕቃ ማስቀመጥ እንጂ መጠቀም አያውቅም! ተቆጣችሁ? እስቲ ተነሡና ቡፌያችሁን ክፈቱ። ያ ባለወርቅ ቅብ ብርጭቆ ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ የያዘው መቼ ነው? ... አዎ፣ እንግዳ እየጠበቀ ነው። እኔ በዚሁ ጠባዬ እንጀራዬን ከማጣት ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ገርጂ ባለች አንዲት ጫማ መሥሪያ ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። ባለቤቱ አቶ ከድር የወሎ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ እንኳን የሚመርቁ ይመስላሉ። አምና የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው እንደተመለሱ ጠሩኝ።

"ስማኝማ የኔ ጌታ፣ ቆዳው ተደበላልቋል። ያለንን ሳናውቅ ሌላ እንገዛለን። በጥራቱ ለይልኝ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ጥሩው ለጥሩ ጫማ ይሂድ።"

ለየሁታ! እንከን የሌለው፣ ለስላሳው አንደኛ። ትንሽ የተጫረው ሁለተኛ። መዥገር የበሳው፣ በሬው በዕድሜው ያየው መከራ ሁሉ የተጻፈበት ደግሞ ሦስተኛ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ አንደኛውን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ።

ዋናው ጫማ ሰፊያችን ጋሽ ሙላት ይመጣሉ።

"አንደኛ አምጣ።"

"ለምን ሊሆን፣ ጋሽ ሙላት?"

"ለጫማ ነዋ! ቆሎ ልቋጥርበት ኖሯል?"

"ጫማውን ማን ሊያደርገው?"

"የገዛው ነዋ!"

"ሰውየውን ያውቁታል?"

"ይሄ ልጅ ቆዳውን ሊያገባው ነው እንዴ!" እያሉ፣ ሁለተኛው አልቆ ስለነበር፣ ሦስተኛውን ታቅፈው ይወጣሉ። ምን ላድርግ፣ ጥሩ ነገር ለማንም ዝም ተብሎ አይሰጥማ!

ክረምት ገባ፣ ወጣ። አንድ ቀን አቶ ከድር አንድ ትልቅ ነጋዴ ይዘው መጡ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ላለው ሱቁ ሁለት መቶ ጥንድ ጫማ ሊያዝ ነው። ገበያው ቀዝቅዞብን ስለነበር እሱ ካመለጠን ሁላችንም ቤታችን መግባታችን ነው።

"አንደኛውን አሳየው!" አሉኝ።

በመጨረሻ እንግዳዬ መጣ! በኩራት ሣጥኑን ከፈትኩት... ኧረ እኔን አፈር ይብላኝ! ቆዳው ጺም አብቅሏል። ሻጋታ! ከሥሩ አይጥ ወልዳለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ግን የቆጡን እዚያው ቆጡ ላይ አሻገትኩት። በሐፍረት የምገባበት ጠፋኝ።

ነጋዴው አፍንጫውን ይዞ ሊወጣ ሲል በሩ አጠገብ የነበረ ጫማ አነሣና አገላበጠ።

"ይሄስ ከምን ተሠራ?"

"ከሦስተኛ" አሉ ጋሽ ሙላት። "ጠባሳውን በስፌት እየሸፈንኩ ነው። ሌላ የሚሰጠኝ አጣሁ።"

"ከዚህ ሁለት መቶ ጥንድ ሥሩልኝ!"

እፎይ ሳልል አቶ ከድር ወደ እኔ ዞሩ። ማባረራቸው ነው ብዬ ሳለቅስ፣ ከሣጥኑ በደህና የተረፈችውን አንዲት ቆዳ አንሥተው ለእኔው ጫማ አሠሩልኝ።

"በየቀኑ አድርገኸው ሥራ ትገባለህ። ያላደረግከው ቀን፣ ወላሂ፣ ሥራ የለህም!"

ታዘዝኩ። ስገባ እግሬ ላይ ነው፣ ስወጣም እግሬ ላይ ነው። ባለፈው ሰኞ ግን አቶ ከድር ቀድመውኝ በር ላይ ቆመዋል። እኔ በአሮጌው ጫማዬ ጭቃውን እያቦካሁ ደርሼ፣ አዲሱን ከፌስታል ሳወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጋሼ፣ የገርጂ መንገድ እኮ ሦስተኛ ደረጃ ነው!"