የማይነቀለው ቡሎን

ወንድ ልጅ የሚለካው የበዓል በግ አስሮ በማሳደሩ ነው! አትሳቁ… ደብረ ብርሃን የምትኖሩ ትረዱኛላችሁ።

ባለፈው ፋሲካ የገዛሁት በግ የታሰረበትን ሚስማር ከነልስኑ ነቅሎ በደሴ መንገድ ፈረጠጠ። ሰፈሩ ግር ብሎ ሲያባርር፣ ለበዓል ከአንኮበር የመጡት አማቴ እትዬ አስካለ በረንዳ ላይ ቆመው፣ "ልጄን የሰጠሁት ለዚህ ነው?" አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት፤ ግን ሁላችንም ሰማን።

ዘንድሮ ቆረጥኩ! ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጎረቤቴ ኢንጂነር ታደለ ችግሬን ስነግረው ዓይኑ በራ።

"ብሎኬት አይይዝልህም። አንተ የምትፈልገው አርማታ ነው!"

ከቤቴ ደህና አርማታ ያለው በረንዳው ላይ ከሳሎኑ በር አጠገብ የቆመው ምሰሶ ብቻ ነው። ኢንጂነሩ ፌሮውን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ በድሪል በሳው፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ማጣበቂያ ሞላና ረጅም ቡሎን ሰካበት። በማግስቱ ሲደርቅ ሁለታችንም ተንጠላጠልንበት። ወይ ፍንክች!

"ቤቱ ይነቀላል እንጂ እሱ አይነቀልም" አለኝ። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ከጣርማ በር የመጣ ቀንዳም በግ ገዝቼ በሰንሰለት አሰርኩት። የፋሲካ ዋዜማ ጠዋት ከውጭ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አማቴ! በሩን በኩራት ስከፍት በጉ ዞር ብሎ ጉልበቴን በቴስታ! ተንገዳግዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። አማቴ ደረጃውን ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ወደ እሳቸው ተንደረደረ። ለካ ሰንሰለቱ በሩን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል! ብረቱ ስንት ይችላል ብለን ስንጨነቅ፣ በጉ የት ድረስ ይሄዳል ብሎ የጠየቀ የለም። ሰንሰለቱን ልፈታ እጄን ባወጣሁ ቁጥር… ቴስታ!

"ምነው ልጄ፣ ዘበኛ ቀጠርክ እንዴ?"

"እማማ፣ በጉ ነው…"

"አየሁት እኮ! ማሰሪያውን ንቀለዋ!"

"አይነቀልም!" አልኩ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አፍሬ አላውቅም።

አማቴ በመስኮት ገቡ። እኔ ከውስጥ እየሳብኩ፣ ጩኸት ሰምቶ የመጣው ኢንጂነር ዓይኑን ጨፍኖ ከኋላ እየደገፈ… በጉ ቆሞ ያየናል። እንዴት እንዳረድነው ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ፆም ተፈትቶ በጉም ጥብስ ከሆነ በኋላ፣ አማቴ በባዶው በር ወጡና ጃንጥላቸውን የሚሰቅሉበት ፈለጉ። ቡሎኑን አሳየኋቸው። ጃንጥላቸውን አንጠለጠሉት፣ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉትና ዞር ብለው አዩኝ።

"ይችለዋል?"