ትንሽ ፈረንሳይኛ

ዓይን አፋር ሰው አይዋሽም ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ያለው ሰው ግን ዓይን አፋር እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። ደፋር ሰው ምን አስጨንቆት ይዋሻል? «አላውቅም»፣ «አልችልም»፣ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ይገላገላል። መዋሸት ያለባት እነዚህ ሦስት ቃላት ከአፏ የማይወጡላት ሴት ናት። እኔን ማለቴ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩት ነገር አለ። ለንስሐ አባቴ ልናገር ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ በጾም ቀን ስለበላሁት ብስኩት ተናዝዤ ተመልሻለሁ። ዘንድሮ ግን ወጣ። ግማሹ ወጣ ልበል። ሌላው ግማሽ ደግሞ ከመጀመሪያው ብሶ ተገኘ።

ነገሩን ያመጣችው «ትንሽ» የምትባል ቃል ናት።

ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር የማርያም ማኅበር አለን። ሰባት ሴቶች ነን። አንድ ጊዜ ፓሪስን በደርሶ መልስ እንያት ተባለ። የድል በሩንም፣ ዝነኛውን የብረት ማማም፣ የቬርሳይን ቤተ መንግሥትም በአንድ ቀን። ትኬት ቡክ ሳይደረግ በፊት ብርቱካን ወደኔ ዞረች። ስሟ ብርቱካን ይሁን እንጂ አንደበቷ ሎሚ ነው።

«አንቺ ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ ተምረሽ የለ?» አለችኝ።

«ትንሽ» አልኳት።

እውነቴን ነበር። እንዲያውም አጋንኜ ነበር። ስድስት ኪሎ ሳለሁ ፈረንሳይኛ ጀመርን፤ ሰላምታ ተማርን፣ እስከ አምስት ቆጠርን፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ሲከፈት እኔ ሌላ ኮርስ ያዝኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን በእኛ ዘንድ «ትንሽ» መቼ ትንሽ ሆኖ ያውቃል? «ትንሽ ቅመሱ» ተብሎ የሚቀርብላችሁን ክምር እስቲ አስቡት። የጨዋ ልጅ ትንሽ አውቃለሁ ካለች ጠጥታዋለች ማለት ነው። «አይ ትሕትና!» አሉ። በሳምንቱ ስሜ «ፈረንሳይቷ» ሆነ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ተናግሬ ብገላገል ምን ነበረበት? አፈርኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እንዲህ ነው።

ለጉዞው ከሁላችንም አብልጠው የጓጉት እትዬ አስካለ ነበሩ። በዕድሜ ትልቃችን ናቸው። የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የባቡሩ ኩባንያ የሰጣቸው ካላንደር ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር አሉ። ሥዕሉ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ነው። ወራቱ ተገንጥለው አለቁ፣ ዓመታት አለፉ፣ ሥዕሉ ግን ሳይወርድ እትዬ አስካለ አድገው ተዳሩ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም የሚለውን ተረት ስንነግራቸው ይስቁብናል። «ያቺን ቤት አንዴ በዓይኔ ባያት» ይሉ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ከሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ባቡር ተሳፈርን። ሁላችንም የሀበሻ ቀሚስ ለብሰናል። ቤተ መንግሥት በጂንስ አይገባም ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው።

ፓሪስ ገና እንደደረስን ማማው ሥር ቆምን። ብርቱካን አንጋጣ አየችና፣ «ለዚህ ነው እንዴ የመጣነው? ቆቃ መንገድ ላይ ያለው የመብራት ኃይል ምሰሶ እኮ ነው» አለች። ወደ ድል በሩ ሄድን። ያን የሚያህል በር ነው፣ አጥርም ግቢም የለው። ብርቱካን ግቢውን የት አደረሱት ብላ ጠየቀችኝ። «በጦርነት ፈርሶ ነው» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እትዬ አስካለ ግን ግድግዳው ላይ የተቀረጸውን ጽሕፈት በጣታቸው እየተከተሉ ብዙ ቆዩ። የፊደሉ ቅርጽ ደስ ብሏቸው መስሎኝ አዘንኩላቸው።

ከቀትር በኋላ ቬርሳይ ገባን። ከባቡር ጣቢያው ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን፣ ይኸው! አበባ ያለበት ግቢ፣ ደረጃ፣ ሾጣጣ ጥቁር ጣሪያ፣ ባንዲራ። ቤተ መንግሥት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ግንባሩ ላይ «ሆቴል» የሚል ቃል አነበብኩ። ቤተ መንግሥቱን ሆቴል አድርገውታል ብዬ አስረዳሁ። ብርቱካን፣ «የፈረንጅ ነገር! ንጉሥ የተኛበትን አልጋ ያከራያሉ» አለች።

በሩ ላይ ሱፍ የለበሰ ሰው ቆሟል። አለባበሳችንን አየና ፊቱ በራ። «ፋሚይ?» አለኝ።

ለንደን የኖረ ሰው «ፋሚሊ» ሲባል ምን ይመጣለታል? ፋሚሊ ቲኬት! ለሰባት ሰው አንድ ላይ ሊቆርጥልን ነው ብዬ «ዊ፣ ዊ!» አልኩ። እጁን ዘርግቶ አስገባን። ትኬት የለ፣ ወረፋ የለ። ብርቱካን በነጻ ነው እንዴ ብትለኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ነው አልኳት።

አዳራሹ ወርቅ ቅብ ነው። ጣሪያው ላይ የመብራት ዘለላ ተንጠልጥሏል። ሕዝቡ ተቀምጦ ይጠብቃል። ፊት ለፊት ቬሎ የለበሰች ፈረንጅ ሙሽራና አንድ ረጅም ጥቁር ወጣት ቆመዋል፤ ከፊታቸው ደረቱ ላይ ባለ ሦስት ቀለም መቀነት ያሸረጠ ሰውዬ ያነባል። ማኅበርተኞቼ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። ትርጉም መፈለጋቸው ነው።

«የንጉሡን ሠርግ በቲያትር እያሳዩ ነው» ብዬ አንሾካሾኩ። «ባለ መቀነቱ ጳጳሱ ነው። ይሄ ንጉሡ፣ እሷ ንግሥቲቱ።»

ብርቱካን፣ «የፈረንሳይ ንጉሥ ጥቁር ነበር እንዴ?» አለች።

«አሁን አሁን ቲያትር ላይ እንደዚህ ያደርጋሉ። ለንደንም እኮ አይተሻል።»

እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ተመስጠው መሰለኝ።

ከዚያ ሙሽሮቹ ተሳሳሙ። ሰባት ሀበሻ ሴት ሙሽራ ሲሳም ዝም ትላለች? እትዬ አስካለ እልልታውን ለቀቁት። ተከተልናቸው። አዳራሹ ተናወጠ። ሙሽራዋ እያለቀሰች መጥታ አቀፈቻቸው። እንዴት ያለች ተዋናይ ናት አልን። ደረጃው ላይ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ተነሣን። አንዲት ባለ ባርኔጣ ሴት፣ የሙሽራዋ እናት ሳትሆን አትቀርም፣ ሁለት እጄን ይዛ ብዙ ነገር ነገረችኝ። ቀጥላ ጣቷን በእኛ ላይ አዙራ «ሴት?» አለችኝ። እንዴት ገረመኝ! ይህችን ቃል ከየት አገኘቻት? ሁላችንም ሴቶች ነን። «ዊ!» አልኳት፤ «ሴት! ሴት!» አንዲት ካርድ እጄ ውስጥ አስጨበጠችኝ። ማስታወቂያ መስሎኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ወጥተን መንገዱን ልሻገር ስል ነው ያየሁት። «ሻቶ» የሚል ምልክት አለ፤ ቀስቱ ከወጣንበት ሕንፃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ሻቶ ቤተ መንግሥት መሆኑን አውቃለሁ፤ የቱሪስት ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ዓይኔን በቀስቱ አቅጣጫ ብልከው፣ በሰፊው መንገድ ጫፍ ላይ የወርቅ አጥር ያበራል። ሕዝቡ እንደ ጉንዳን ፈልቷል።

አሁን የማወራው ስለ ስሕተቱ አይደለም። መንገድ መሳት የማንም ነው። ያፈርኩት ከዚያ በኋላ በተናገርኩት ነው። ጊዜ ነበረን። አጥሩ ድረስ አድርሼ፣ «እትዬ አስካለ፣ ይኸውልዎት፣ ተሳስቼ ነው» ማለት እችል ነበር። ስድስቱ ሴቶች ግን «ፈረንሳይቷ አኮራሽን» እያሉ ይስሙኛል።

«ቶሎ በሉ፣ ባቡሩ ያመልጠናል» አልኩ።

ባቡሩ የሚያመልጠን አልነበረም። ፓሪስ ጣቢያ ደርሰን ሁለት ሰዓት ተጎልተናል።

ከዚያ ወዲህ ያ ፎቶ በፍሬም ሆኖ በየወሩ ማኅበሩ በሚወጣበት ቤት ይሰቀላል። በየወሩ እሱ ሥር ተቀምጬ እበላለሁ። አንድ ዓመት የብርቱካን ልጅ ከትምህርት ቤቷ ጋር ቬርሳይ ሄዳ መጣች። «የመስታወቱ አዳራሽ ሪሊ አሜዚንግ ነው! እናንተ ለምን አልተነሣችሁበትም?» አለችን። «ያኔ እድሳት ላይ ነበር» አልኩ። ደግሞ ሌላ ውሸት። ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን ፊቴን ሸፈንኩ።

ዘንድሮ እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ሊያደርጉ ሆነ። ካሌዶኒያን ሮድ፣ የካውንስል ቤት፣ የኛው የቀበሌ ቤት ማለት ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ሊፍቱ ሲበላሽ ከቤት አይወጡም። ሆስፒታል የማስተረጉምላቸው እኔ ነኝ። ካምደን ያለው ሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስማቸው እስኪጠራ እንጠብቃለን።

«በዚህ ዕድሜ ቢላዋ...» አሉኝ። «ባልነቃም አልቆጭም። ያባዬን ቤተ መንግሥት አይቻለሁ።»

ሰው ውሸቴን ይዞ ቀዶ ጥገና ሊገባ ነው!

«እትዬ አስካለ» አልኩ፤ «ያ ቤት ቤተ መንግሥቱ አልነበረም። እኔ ነኝ የሳትኩት። አውቄም ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

«ማዘጋጃ ቤቱን ነው የምትዪኝ?»

«እ?»

«‹ኦቴል ደ ቪል› ይላል እኮ በሩ ላይ። ማዘጋጃ ቤት ማለት ነው፤ ባለ መቀነቱም ሙሽሮቹን የሚያጋባው ከንቲባ። እኔ ድሬዳዋ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አራት ዓመት ሙሉ በአለንጋ የተማርኩት ምን መሰለሽ?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። የሆስፒታል ወለል ግን አይከፈትም።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«መቼ? አንቺ ‹ንጉሡ፣ ጳጳሱ› እያልሽ ስታስረጂ? በአምስት ሰው ፊት ላዋርድሽ? ደሞም ፈረንሳይኛ አውቃለሁ ብል አስተርጓሚ ታደርጉኛላችሁ። አንቺን ምን እንዳደረጉሽ አይቼ የለ?»

«ግን ቤተ መንግሥቱ ቀረብዎት።»

«ምን ይቀርብኛል? አንቺ ፊትሽ አመድ መስሎ ‹ባቡሩ› ስትዪ ዞር ብዬ አየሁት። ከሩቅ። ልክ ያባዬ ካላንደር ላይ የነበረውን ያህል ነው። ቢቀርበኝ ኖሮ አላውቀውም ነበር።»

አለቀስኩ። እጃቸውን ሳምኩ። አሥራ አንድ ዓመት የተሸከምኩት ወረደ አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው ብዬ፣ አፍንጫዬን ስጠርግ፣ እትዬ አስካለ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ።

«እኔን ሲቆጨኝ የኖረው ሌላ ነው።»

«ምኑ?»

«ያቺ የሙሽራዋ እናት። ‹የሙሽራው ዘመዶች ከሩቅ መጥታችሁ አኮራችሁን፣ ማታ ካልበላችሁ አንለቃችሁም› አለችሽ። ‹ሰባት ናችሁ?› አለችሽ። ‹ዊ› አልሻት።»

«ሰባት? እሷ እኮ ያለችኝ ‹ሴት› ነው!»

«በነሱ ‹ሴት› ማለት ሰባት ነው፣ ልጄ። የግብዣውን ካርድም ተቀበልሽ። ከዚያ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው አልሽ፤ እኔም አመንኩሽ። ጠሪ አክባሪ ነው። ሠርግ ተጠርቶ፣ እሺ ብሎ መቅረት... እኔ በዕድሜዬ አድርጌው አላውቅም።»

ስማቸው ተጠራ። ተደግፈውኝ ተነሡ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ፤ ተመስገን። እትዬ አስካለ ዛሬ ደረጃውን ይወጣሉ። ብርቱካን እስካሁን አልሰማችም፤ ፎቶውም አልወረደም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ የድሮ ቦርሳዬን በረበርኩ። ካርዷ አለች። የምግብ ቤት ስም፣ ሰዓት፣ ከሥሩ በእስክሪብቶ «7»።

እና ይኸውላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት በቤተ መንግሥቱ አፈርኩ፤ በከንቱ። ሳላፍርበት የቀረሁት ደግሞ ሌላ ኖሯል፤ ፈረንሳይ አገር፣ አንድ ሠርግ ላይ፣ ሰባት ሳህን ተዘርግቶ፣ ሰባት ወንበር ባዶውን አምሽቷል። አሁን ሐፍረቱን እንደ አዲስ ልጀምር ነው። ፈረንሳይኛ ታውቂያለሽ ወይ ብትሉኝ ግን መልሴ አልተለወጠም፤ ትንሽ። ከአምስት በኋላ የጎደሉኝ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ነበሩ።