ጢም ያላቸው ሕፃናት

ሰው ዶሮ ቢያረባ ማንም ለምን አይለውም። ዓሣ ቢያረባ ግን ጤንነቱ ይጠየቃል። ለምን እንደሆነ እስቲ ንገሩኝ።

ዳንግላ ተመድቤ ሳስተምር ነው። ያን ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቷል። ሣር ላይ የተጣበቀ የአምባዛ ዓሣ እንቁላል ለቅሜ መጣሁ። የመስኮት መስታወት በስቱኮ አያይዤ ሣጥን ሠራሁለት። አፈሰሰ፤ ደፈንኩት። ደግሞ አፈሰሰ፤ ደግሞ ደፈንኩት።

ተፈለፈሉ። ራሳቸው ትልቅ፣ ጭራቸው ቀጭን፣ ጥቋቁር ነገሮች።

አከራዬ አለቃ ፈንቴ፣ የደብር ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን ሰክተው አዩና፣ "አንተ መምህር፣ ይህ የእንቁራሪት ልጅ ነው" አሉኝ።

ኧረ ዓሣ ነው አልኳቸው። የእንቁራሪት እንቁላል ልጋግ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ የኔ አንድ በአንድ ሣር ላይ ነበር። ሳቁብኝ። እንቁራሪት ከሆነ ቤቴን ትለቃለህ፣ ዓሣ ከሆነ እስኪሰለችህ ኑር አሉ። በዚያ ዝናብ ሌላ ክፍል ከየት ይገኛል?

ስለዚህ ጢም መጠበቅ ያዝኩ። የአምባዛ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ጢም ያወጣል። እንቁራሪት ጢም የላትም። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ፣ "ያንተስ መቼ ወጣና!" እያሉ ቀለዱብኝ። ይቀልዱ!

ሕፃናቱ የሚበሉት የዶሮ እንቁላል አስኳል ነው። በዚህ መሐል ፍልሰታ ገባ። በአለቃ ግቢ፣ በጾም፣ እንቁላል ቀቀልኩ! አለቃ የክፍሌን በር በመቋሚያ ደበደቡት። ያዳኑኝ ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ናቸው፤ "ምነው አለቃ፣ ሕፃን ይጾማል እንዴ?" አሏቸው።

አንድ ጧት ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ በአፋቸው ዙሪያ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ይንቀሳቀሳል። ጢም! ጭቃውን በባዶ እግሬ እየረገጥኩ ሮጬ አለቃን ጠራኋቸው። መጡ። አጎንብሰው ብዙ ቆዩ።

"እውነትም ዓሣ ነው" አሉ።

ልዘፍን ምንም አልቀረኝም።

"ቆይ ቆይ። ቅርፊቱ የታለ?"

"አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ አለቃ።"

ወደኋላ ሸሹ። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እርኩስ መሆኑን አልተማርክም ወይ አሉ። እሱንም በጾም! እሱንም በቤቴ! ከኋላቸው የቆሙትን እትዬ ስንዱን ቀና ብዬ አየሁ፤ በዚህስ እሳቸውም አማተቡ።

"ታዲያ እንቁራሪት ብትሆን ይሻል ነበር?" አልኩ ተናድጄ።

"አዎ፣ ይሻል ነበር። እንቁራሪት እግር አብቅላ በራሷ ትወጣለች።" ጭቃ የለበሰ እግሬን አዩ። "እነዚህ የሚወጡበት እግር የላቸውም። ደግነቱ አንተ አለህ።"