ኃላፊነት ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት

ኃላፊነትን የሚሸሽ እንጂ የሚሰበስብ ሰው በጠፋበት በዚህ ዘመን፣ የጎረቤቴን የማተሚያ ቤቱን ባለቤት ገድል ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። እኔ ከእሳቸው አጠገብ መነጽር እሸጣለሁ። የሚለየን አንድ ስስ ጣውላ ነው፤ ስለዚህ የምናገረው በአሉባልታ ያገኘሁትን ሳይሆን በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው።

እሳቸው ድሮ እንደኛው ተራ ሰው ነበሩ። ደምበኛ ሲጠራቸው "አቤት" ይሉ ነበር። ይህ ኋላ ቀር ጠባይ የለቀቃቸው የአንድ ቀን የአመራር ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ ነው። በማግስቱ መላ ሠራተኞቻቸውን፣ ማለትም ጸሐፊዋንና ማሽኒስቱን፣ አቁመው ንግግር አደረጉ።

"ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ድርጅት ውስጥ ያለውን ኃላፊነት በሙሉ እኔ እወስዳለሁ!"

ሁለቱም አጨበጨቡ። ሸክም ሲያወርዱለት የሚያለቅስ ማን አለ?

"በተጨማሪም የጊዜ ወሰን አበጅቻለሁ። የምገኘው ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ነው። ከዚያ ውጭ ቤቱ ቢቃጠል በሬን እንዳታንኳኩ።"

"ቤቱ ሲቃጠል በሩ ይተርፋል እንዴ ጋሼ?" አለ ማሽኒስቱ።

"እሱን በዘጠኝ ሰዓት ጠይቀኝ።"

እንግዲህ ኃላፊነቱ ተጠቅልሎ እሳቸው ዘንድ ገባ፤ እሳቸው ደግሞ ተጠቅልለው ቢሯቸው ገቡ። አባቶቻችን "ኃላፊ ጠፊ" ያሉት ለካ ጎረቤቴን አስቀድመው አይተው ነው! ደምበኛ ሲመጣ ጸሐፊዋ "ኃላፊው የሉም" ትላለች። ኃላፊው በመስታወቱ ውስጥ ጥፍራቸውን ሲቆርጡ ይታያሉ። "እነዚያስ ማን ናቸው?" ስትባል "እሳቸው ናቸው፤ ግን የሉም" ትላለች። ኋላ መስታወቱንም በመጋረጃ ጋረዱት።

በዚህ ጥበብ አብዝተው የተንገላቱት ርዕሰ መምህሩ ናቸው። የትምህርት ቤታቸውን ፈተና ለዓመታት ያሳተሙት እዚህ ነው፤ ማተሚያ ቤቱም ዓመቱን የሚኖረው በዚሁ ሥራ ነው። እሱ ከቀረ ማሽኑ ይቆማል፣ ጸሐፊዋም ማሽኒስቱም የጎረቤቴም ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ። ርዕሰ መምህሩ ይደውላሉ፣ አይነሳም። ይመጣሉ፣ ሰዓቱ አይደለም። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ክፍል ውስጥ ናቸው።

አንድ ቀን እኔ ሱቅ ገብተው "ማዶ አዲስ ማተሚያ ቤት ተከፍቷል። ባለቤቷ ሲጠሯት አቤት ትላለች አሉ" ብለውኝ ሄዱ። ለጎረቤቴ ይህንኑ ብነግራቸው "ደምበኛ ድንበር ሲገፋ ዝም ካሉት ጓዳ ይገባል" አሉኝ።

ድንበራቸውን ስላስከበሩ ራሳቸውን በራሳቸው ሊሸልሙ ተነሱ። "በድርጅታችን ባለቤት የክብር ሥነ ሥርዓት ላይ ይገኙልን" የሚል ካርድ ተዘጋጅቶ ለደምበኛ ሁሉ ጠዋቱኑ እንዲዳረስ አዘዙ። ጸሐፊዋም "ክ" ልትመታ "ቀ" መታች።

"አንቺ፣ ይሄ 'ቀብር' አይልም እንዴ?" አለ ማሽኒስቱ፣ ካርዱ ታትሞ ሲወጣ።

"ይላል።"

"ጋሼን ቀበርሻቸው እኮ!"

"ታዲያ እኔ ምን አገባኝ? ኃላፊነቱ የእሳቸው ነው። ከፈለግክ አንኳኳና ንገራቸው።"

"ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል?"

"ኧረ ገና ጠዋት ነው!"

"እንግዲያው እስከዚያ ሞተው ይቆዩ" አለና ካርዱን ሊያድል ወጣ።

የተጠራጠረ አንድ ሰው አልነበረም። ለመጠራጠር ሰሞኑን አይቷቸው መሆን አለበታ!

ከሁሉ ቀድመው ርዕሰ መምህሩ ደረሱ፤ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ወፍራም ፖስታ በብብታቸው ይዘው። የጎረቤቴ ሚስትም ቁርስ አብልታ የሸኘችው ባሏ ሊቀበር መሆኑን ከሰው ሰምታ፣ በቁጣ እየበረረች ገባች። አፏን ሳትከፍት ርዕሰ መምህሩ አቀፏት።

"እግዜር ያጽናሽ እህቴ! ስልክ አያነሱም፣ በር አይከፍቱም እያልኩ ስንት ጊዜ አማኋቸው። ለካ ታመው ኖሯል! ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ ከልቤ ይቅር ብያቸዋለሁ። ፈተናውን ለማዶዋ ልሰጥ ነበር። አሁን ግን ቤታችሁ እንዳይፈርስ የዘንድሮውም የከርሞውም ኅትመት ያንቺ ነው፤ ቀብዱን እንኪ።"

ሴትዮዋ ብልህ ናት። ልትናገር የመጣችውን ዋጠች፣ አንገቷን ደፋች፣ ደረቅ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና እጇን ወደ ፖስታው ዘረጋች።

ይኼኔ የቢሮው በር ተበረገደ።

"ማነው የሞተው? አለሁ! ይኸው አለሁ!"

ርዕሰ መምህሩ ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከዚያ ጎረቤቴን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው።

"በሕይወት አሉ?"

"ምን በወጣኝ እሞታለሁ!"

"አልታመሙም ነበር?"

"ጉንፋን እንኳ አልነካኝም!"

"ስልኬን ያላነሱት በደህናዎ ነው?"

"በደህናዬ ነው!" አሉ ጎረቤቴ ደረታቸውን ነፍተው።

ርዕሰ መምህሩ ፖስታውን ወደ ብብታቸው መለሱ። "እንኳን አተረፈዎት። ይቅር ያልኩት ግን ሟቹን ነበር" አሉና መንገዱን ተሻግረው ማዶ ገቡ።

ሚስትየው ባዶ እጇን እንደዘረጋች ወደ ባሏ ዞረች።

"አንተ ሰው! ሰዓቴ አልደረሰም፣ ሰዓቴ አልደረሰም ስትል ከርመህ፣ የዛሬን እንኳ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ብትቆይ ምናለበት!"