እርኩም ስለ ጥርንቡሌዎች የጠየቀው ጥያቄ

ድሮ፣ ዛፎች ጀርባ ለጀርባ ይተካከኩ በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ወንዝ የሚጠጡ ሦስት ደኖች ነበሩ፤ የዋርካ ደን፣ የዝግባ ደንና የቀርከሃ ደን። እንስሶቻቸው በየደናቸው ሲሆኑ ይተማማሉ፤ ወንዙ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ይሳሳማሉ።

አንድ ዓመት ወንዙ ሳሳ። የሦስቱ ደኖች ነገሥታት አንበሳ፣ ነብርና ጎሽ ተሰብስበው መከሩ። ምንጩ መቆፈር እንዳለበት ሁሉም ያውቃሉ፤ ግን ማን ይቆፍር፣ ማን ይዘዝ በሚለው ተጣሉ። ሲመሽባቸው አንበሳ፣ "እስቲ በመጀመሪያ ሕዝቡ ስለ ዓለም ምን እንደሚያስብ እንጠይቅ" አለ። ምንም ሳይሠሩ ለመቆየት የተመቸ ሐሳብ ስለነበር ነብርና ጎሽ ወዲያው ተስማሙ።

ለሥራው የተመረጠው እርኩም ነበር። እርኩም ከመብረር መራመድ ይወዳል፤ ሲራመድም መሬቱን የሚባርክ ይመስላል። "ደህና አደርክ" ሲል እንኳ አዋጅ የሚያነብ ነው የሚመስለው። ሹመቱን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ለየጥያቄው አንድ አንድ ቅል አንገቱ ላይ አንጠለጠለና፣ መልሱን በነጭና በጥቁር ጠጠር ሊሰበስብ እየተንቋቋ ወጣ።

መጀመሪያ ያገኘው ጭቃ ውስጥ የተጋደመውን ከርከሮ ነበር።

"ጤና ይስጥልኝ" አለው። "ስለ ቀርከሃ ደን ነዋሪዎች ያለዎት አመለካከት ምንድን ነው? በጣም ይወዷቸዋል፣ በመጠኑ ይወዷቸዋል፣ በመጠኑ ይጠሏቸዋል፣ ወይስ በጣም ይጠሏቸዋል?"

ከርከሮ ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ማንም የለም።

"እኔን ነው?"

"እርስዎን ነው።"

ከርከሮ ከጭቃው ተነሥቶ ተራገፈ። ከተወለደ ጀምሮ ማንም አንቱ ብሎት፣ ማንም ሐሳቡን ጠይቆት አያውቅም።

"በጣም እጠላቸዋለሁ!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

"አገራቸው ሄደው ያውቃሉ?"

"ከጠላኋቸው ምን ልሠራ እሄዳለሁ?"

እርኩም ጥቁር ጠጠር ጣለና መንገዱን ቀጠለ። ጅብ፣ "እኔ ሁሉንም ነው የምወደው፤ በተለይ የሰቡትን" አለው። ጦጣ ደግሞ ዛፍ ላይ ሆና፣ "አንበሳ ምን ብሎ መለሰ?" ስትል ጠየቀችው።

"የሌላውን መልስ መናገር አይፈቀድልኝም፣ እመት ጦጣ።"

"እንግዲያው እንደ እሱ ብላለች ብለህ ጣልልኝ።"

ስለ ወንዙ ሲጠይቃቸው ግን ሁሉም፣ "አዎ፣ ትንሽ ያሳስበናል" እያሉ ጅራታቸውን ወደ መቁላት ይመለሱ ነበር።

እርኩም መልሱን ለነገሥታቱ ጉባኤ ከማቅረቡ በፊት ልቡ መጠራጠር ጀመረ። "እነዚህ ሁሉ የሚመልሱት አውቀው ነው፣ ወይስ ጠያቂ ባዶውን እንዳይመለስ አዝነው?" አለ ለራሱ። አስቦ አስቦ አንድ ዘዴ መጣለት። በዓለም ላይ የሌለ ፍጡር ስም ፈጠረ። "ስለዚህኛው 'አላውቅም' ካሉኝ፣ የቀረውንም መልሳቸውን አምናለሁ" ብሎ ወደ ከርከሮ ተመለሰ።

"ስለ ጥርንቡሌዎችስ ምን ይላሉ?"

ከርከሮ ፀጉሩ ቆመ። "ስማቸውን አታንሣብኝ! አጎቴን የጨረሱት እነሱ አይደሉም እንዴ?"

እርኩም መንቁሩን ከፍቶ ቀረ። ጅብን ሄዶ ቢጠይቀው፣ "ሥጋቸው ይጎመዝዛል" አለው። አጋዘን፣ ጃርት፣ ዝንጀሮ ሁሉም ጥርንቡሌዎችን ያውቋቸው ነበር። በሦስቱ ደኖች ውስጥ ዓይኗን ሰበር አድርጋ "እኔ አላውቃቸውም" ያለችው አንዲት ሚዳቋ ብቻ ነበረች። እርኩም በደስታ ሊያመሰግናት ሲል ባሏ ዘሎ መሃል ገባ።

"አይስሟት፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበራትም። እኛ ቤት ጥርንቡሌ እስከ ሰባት ትውልድ የተጠላ ነው!" ከዚያም ወደ እሷ ዞሮ፣ "በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?" ሲል ተቆጣት።

ጉባኤው በዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እርኩም ቅሎቹን ደረደረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጌቶቼ፣ ሕዝቡ ከድርቅ ይልቅ፣ ከእሳት ይልቅ፣ ከአዳኝም ይልቅ የሚፈራው ጥርንቡሌዎችን ነው። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር..."

የምንማረውን ለመናገር አልታደለም። ደኑ በጩኸት ተናወጠ።

"በየት በኩል ነው የሚመጡት?" ሲል አገሣ አንበሳ።

"በየትም አይመጡም ጌታዬ፤ የሉም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።"

"የሉም?" አለ ነብር ቀስ ብሎ። "ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ፈራን እያለ አንተ የሉም ትላለህ? ሕዝቡ ዋሽቷል ልትለን ነው?"

እርኩም ወደ ተሰበሰበው ሕዝብ ዞረ። "እሺ፣ በዓይኑ ያየ እግሩን ያንሣ!" ብሎ ጮኸ።

እንስሶቹ ተያዩ። ከዚያ ጥንቸል፣ ወደ ኋላ የቀረች እንዳይመስልባት፣ እግሯን አነሣች። ይህን ያየ ጃርት አነሣ፤ ከርከሮ ሁለቱን አነሣ። እርኩም ዓይኑን ሚዳቋ ላይ ተከለ። ሚዳቋ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ባሏ በቀንዱ ጎሸም ሲያደርጋት የእሷም እግር ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ የእርኩም ልብ ስንጥቅ አለ።

ዝንጀሮ ፊት ለፊት ወጥቶ እጅ ነሣ። "ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያጠናሁት ጥርንቡሌዎችን ነው።"

"ምን ይመስላሉ?"

ዝንጀሮ ይህን አላሰበበትም ነበር። የሚለው ነገር ፍለጋ ዓይኑን ወዲያ ወዲህ አንከራተተና አንድ ቦታ ላይ አሳረፈው።

"ጥቁር ናቸው" አለ። "ጉሮሯቸው ቀይ ነው። ሽፋሽፍታቸው ረጅም ነው። ክንፍ እያላቸው በእግር ይሄዳሉ። እና... እና አንገታቸው ላይ ቅል ያንጠለጥላሉ።"

ጉባኤው በሙሉ ወደ እርኩም ዞረ።

"አሃ!" አለ ጎሽ። "ለካ የሉም እያለ የሚያዘናጋን ለዚህ ኖሯል!"

የእርኩም ያ ከባድ ድምፅ የዚያን ቀን ከዳው። "ኧረ እኔ እርኩም ነኝ! አባቴን ታውቁት የለ?" ቢል የሚሰማው አጣ። በዚያው ቀን በምዕራብ በኩል የእሾህ አጥር እንዲታጠር ተወሰነ። ምንጩን መቆፈር ይችሉ የነበሩት ዝሆኖች እሾህ እንዲጎትቱ ታዘዙ። ዝንጀሮ የጥርንቡሌ ጉዳይ አማካሪ ሆኖ ተሾመ። ወንዙን ያነሣ አልነበረም። እርኩም ደግሞ ምሕረት ተደርጎለት፣ ሳይገደል ወደ "አገሩ" እንዲመለስ ተፈረደበት።

ገና እየታጠረ ባለው አጥር በር ላይ ዘብ የቆመው ከርከሮ ነበር። እርኩም ቅሎቹን ተቀምቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ አየውና ትንሽ አዘነለት። ሆኖም ሥራው ሥራ ነውና ጥርሱን አሳይቶ መንገዱን ዘጋ።

"ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ" አለው። "እናንተ ጥርንቡሌዎች ስንት ናችሁ?"

እርኩም ከአጥሩ ባሻገር ያለውን ባዶ ሜዳ ለረጅም ጊዜ አየ።

"እስከ ትናንት አንድም አልነበርንም" አለው። "ዛሬ አንድ ሆነናል። እናንተ በዚሁ ከቀጠላችሁ ግን ገና ብዙ እንሆናለን።"